በደቂቃ ሃያ ስድስት እርምጃ

በማተሚያ ቤታችን ሁለተኛ ፎቅ ላይ እኔ ገጽ አቀናጃለሁ፣ እሷ እርማት ታነባለች። ጠረጴዛዎቻችን ፊት ለፊት ናቸው። ያቀናጀሁትን ገጽ ከእጄ ተቀብላ፣ ማስመሪያዋን ከመስመሩ ሥር እያስጠጋች፣ ቀይ እስክሪብቶዋን ቀስራ ስታነብ አሥራ አራት ዓመት አይቻታለሁ። የመማሪያ መጽሐፍ ይሁን የመድኃኒት መመሪያ፣ የተዘለለ አራት ነጥብ ከእሷ ዓይን አያመልጥም። ለዚህ ነው ቤቱ ሁሉ «እትዬ አራት ነጥብ» የሚላት። ንግግሯም እንደ ቅጽል ስሟ ነው፤ አጭርና ዝግት ያለ።

ጥርሷን የምናየው ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ጠዋት ነበር። ሮጣ የመጣች ቀን።

መሮጥ ያስጀመረቻት የልብ ባልንጀራዋ ናት። ባልንጀራዋ ሕፃናት ታስተምራለች፤ ያኔ በአንድ ሕንፃ ውስጥ፣ ከእትዬ አራት ነጥብ ሁለት ፎቅ ከፍ ብላ ነበር የምትኖረው። አንድ ቀን ጠዋት በሩን ደብድባ «ነይ ውጪ እቴ፣ ቤት ውስጥ ተቀምጠን መሻገታችን እኮ ነው!» አለቻት። በዚያው አሥራ ሁለት ዓመት አብረው ሮጡ። ሁልጊዜ በወንዙ ዳር፣ በዛፎቹ ጥላ፣ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ። ሩጫ ተባለ እንጂ ነገሩ ወሬ ነበር። አስተማሪዋ የሰው ድምፅ ትቀዳለች። አንዴ ርእሰ መምህሯን፣ አንዴ አማቷን፣ አንዴ የሕንፃውን ዘበኛ እየሆነች ስታወራ፣ እትዬ አራት ነጥብ ሆዷን ይዛ መንገድ መሀል ትቆማለች። ርቀቱንም የሚለኩት በወሬ ነው።

«ዛሬ ምን ያህል ሮጣችሁ?» ስላት፣

«የአማቷ ጉዳይ እስኪያልቅ» ትለኛለች።

የዛሬ ሦስት ዓመት የአስተማሪዋ ባል የሥራ ቦታው ተቀየረና ቤተሰቡ ወደ ከተማው ሌላኛው ጫፍ ሄደ። ዕቃው በተጫነበት ቀን አስተማሪዋ ሁለት ትንንሽ ሳጥን ይዛ ወረደች። ሁለት አንድ ዓይነት የሩጫ ሰዓት።

«አንዱ ያንቺ፣ አንዱ የኔ» አለቻት። «የሮጥነው ሁሉ ስልካችን ላይ ይወጣል። አብረን ባንሮጥም በየጠዋቱ እንተያያለን።»

በር ላይ ተቃቅፈው አለቀሱ። ከዘጠኝ ወር በኋላ የሚካሄድ የአርባ ሁለት ኪሎ ሜትር ውድድርም ነበርና፣ አብረው ሊገቡበት ቃል ተገባቡ።

መጀመሪያ ላይ ነገሩ አስደሳች ነበር። እትዬ አራት ነጥብ ቢሮ እንደገባች ስልኳን ታሳየኛለች፤ «አየሃት? ዛሬ ቀድማኝ ወጥታለች!» ትላለች። ሁለቱም አንዱን ኪሎ ሜትር በስድስት ደቂቃ ተኩል ገደማ ነበር የሚሮጡት። ከሁለተኛው ወር በኋላ ግን አስተማሪዋ መፍጠን ጀመረች። ስድስት ደቂቃ ሆነ፤ ቆይቶ አምስት ተኩል፤ ከዚያ አምስት። ከፍጥነቱ ይልቅ የሚያስገርመው የልብ ምቷ ነበር። በዚያ ሁሉ ፍጥነት ልቧ በደቂቃ የሚመታው መቶ ሰባት ጊዜ ብቻ ነው። የእትዬ አራት ነጥብ ልብ ከእሷ በብዙ ቀስ ብላ እየሮጠች እንኳ መቶ ስድሳን ያልፋል።

«ምን እየበላሽ ነው?» አለቻት በስልክ።

«ኧረ ተፈጥሮ ነው» አለችና ሳቀች።

ከዚያ ወዲያ እትዬ አራት ነጥብ የወንዙን ዳር ተወች። ዛፎቹ ሥር ሰዓቱ ሳተላይት እያጣ ርቀት ያሳስታል ተባለና፣ መንገዱ በመጋዘኖቹ ጎን ሆነ። ዛፍ የሌለው፣ ጥላ የሌለው፣ ከባድ መኪና ብቻ የሚያልፍበት ቀጥ ያለ አስፋልት ነው። አንድ ኪሎ ሜትር ሄዳ ትመለሳለች፣ እንደገና ትሄዳለች። ሰዎች ሰላም ሲሏት አንገቷን ነቅነቅ ብቻ። ገጽ ላይ ቀይ እርማት የምታሰፍርበት ኅዳግ በደቂቃና በሴኮንድ ተሞላ፤ አንድ ቀን የሕፃናት መጽሐፍ ገጽ ጥግ ላይ «5፡52፣ ሰነፍ» የሚል አግኝቼ አጥፍቻለሁ።

ባሏ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፤ ቀልድ ይወዳል። ጠዋት «እንዴት አደርሽ?» ሲላት መጀመሪያ ሰዓቷን ታያለች አሉ።

«ደህና አላደርኩም» ትለዋለች።

«አንቺ ነሽ ወይስ እሱ?»

«ስድስት ሰዓት ብቻ ነው የተኛሁት ይላል።»

«እንግዲህ ሻይ ልቅዳልሽ ካልኩም እሱን ነዋ የማስፈቅደው!»

እሷ አልሳቀችም። ሩጫ ደስታዋ የነበረች ሴት፣ ሩጫ እንደ ፈተና ወረቀት ሆነባት። ልቤ ደካማ ቢሆን ነው ብላም የልብ ሐኪም ዘንድ ሄደች። ደረቷ ላይ ሽቦ ተለጣጥፎ ተመረመረች፤ ሐኪሙም «ልብሽ እንደ ብረት ነው» ብሎ ሸኛት። ማታውን አስተማሪዋ ደወለች።

«ውጤቱስ?»

«ጤነኛ ነሽ አሉኝ።»

«ተመስገን! አየሽ፣ አትጨናነቂ ብዬሽ ነበር።»

በማግሥቱ ጠዋት ስልኩ ላይ የአስተማሪዋ አሥራ ስምንት ኪሎ ሜትር ወጣ። በአምስት ደቂቃ። መቶ አምስት የልብ ምት። እትዬ አራት ነጥብ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ደፍታ አስቀመጠችና «ጤነኛ ከሆንኩማ ስንፍና ነው» አለችኝ።

ከዚያ በኋላ ዕረፍት የሚባል አላወቀችም። ቅልጥሟ ላይ ሕመም ተሰማት፤ በጨርቅ ጠፍራ ሮጠች። ደረጃችንን ስትወርድ መደገፊያውን ትይዝ ጀመር። እኔም ባሏም ተናገርናት፤ ማን ሰምቶን። ውድድሩ አምስት ሳምንት ሲቀረው፣ በመጋዘኖቹ መንገድ ላይ፣ እግሯ ከዳት። ባሏ በሥራ መኪናው ሄዶ፣ ከሽቦ ጥቅልሉ መሀል አስቀምጦ ሐኪም ቤት አደረሳት። የቅልጥሟ አጥንት ተሰንጥቋል።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ ወደ አካል ማገገሚያ ክፍል ተላከች። ባለሙያው ረጋ ያለ ሰው ነው። እንዴት ስትሠለጥን እንደነበር ለማየት የሰዓቱን መዝገብ ጠየቃት። የራሷን ካሳየችው በኋላ የአስተማሪዋንም ከፈተችለት። አዝና ነበርና፣ ምን ያህል እንደተበለጠች እንዲያይላት ፈለገች።

«አብረን ነው የጀመርነው» አለችው። «እሷን ይመልከቱ፣ እኔን ይመልከቱ።»

ሰውየው ወደ ታች እየገፋ አነበበ። አንድ ቦታ ላይ ጣቱን አቆመ። ወደ ሌላ ቀን ሄደ፤ ደግሞ ወደ ሌላ።

«እትዬ፣ ይቺ ጓደኛዎ ብስክሌት አላት እንዴ?»

«ብስክሌት? ምን አገናኘው?»

«እርስዎ ሲሮጡ በደቂቃ መቶ ሰባ ጊዜ ገደማ ይረግጣሉ። ማንም ሯጭ ከዚያ ብዙ አይርቅም። እሷ የምትረግጠው ሃያ ስድስት ጊዜ ነው። በዚህ ፍጥነት ሃያ ስድስት ማለት፣ በአንድ እርምጃ ከሰባት ሜትር በላይ መዝለል ነው።» ስልኩን መለሰላት። «እየሮጠች አይደለም። ተቀምጣ ነው።»

ክው አለች። ስምንት ወር ሙሉ ያየችው የላይኞቹን ሁለት መስመሮች፣ ፍጥነቱንና የልብ ምቱን ነበር። ሌላው ሁሉ ከታች ተጽፎ ነበር፤ አንድም ቀን ወርዳ አላየችውም። «ለሌላ ሰው ጽሑፍ እንዲህ ብሠራ ኖሮ ያባርሩኝ ነበር» አለችኝ በኋላ። ካልጠረጠሩ ይመነጠሩ ይባላል፤ ግን አሥራ ሁለት ዓመት አጠገቧ የሮጠችን ሴት ማን ይጠረጥራል?

ቅዳሜ ከሰዓት፣ በሁለት ክራንች ተደግፋ፣ ታክሲ ይዛ ወደ አስተማሪዋ ቤት ሄደች። አልደወለችም። በሩን የከፈተችው አስተማሪዋ ራሷ ናት። ክራንቹን ስታይ «እኔን! ምነው በዚህ እግርሽ፣ እኔ አልመጣም ነበር?» ብላ ልታቅፋት እጇን ዘረጋች። እትዬ አራት ነጥብ ከትከሻዋ በላይ ወደ ኮሪደሩ አየች። ፊት ለፊት ቅርጫት ያለው ሰማያዊ ብስክሌት ግድግዳው ላይ ተደግፏል።

«ይሄ ነው?» አለች።

አስተማሪዋ ዞር ብላ ብስክሌቱን አየች፤ ከዚያ መሬቱን። «ምኑ?» ብላ አልጠየቀችም። አለመጠየቋ ራሱ ሁሉን ነገር ጨረሰው።

«ጉልበቴ ነው» አለች። «በሁለተኛው ወር። ሐኪሙ ከእንግዲህ ሩጫ የለም አለኝ። ልነግርሽ ነበር፤ ግን በየጠዋቱ ‹አየሁሽ፣ ኮራሁብሽ› ትይኝ ነበር። ውድድሩም አለ። ካልሮጥኩ በምን እንገናኛለን ብዬ ፈራሁ።»

«በስልክ! እንደ ሰው!»

«ቀስ ብዬ ነበር እኮ የምነዳው» አለች አስተማሪዋ እያለቀሰች። «ብዙ እንዳልርቅብሽ።»

እትዬ አራት ነጥብ ይህን ስትሰማ መሳቅ ይሁን መጮኽ ያለባት አላወቀችም።

«የልብ ሐኪም ዘንድ ስሄድ ታውቂ ነበር» አለቻት።

«አትጨናነቂ ብዬሽ ነበር እኮ…»

«ውጤቱን ጠየቅሽኝ። ነገርኩሽ። ተመስገን አልሽኝ። በማግሥቱ ተነሥተሽ አሥራ ስምንት ኪሎ ሜትር ነዳሽብኝ። ልብ የለሽም?»

አስተማሪዋ ከበሩ ዞር አለችላት። «ግቢ፣ እንቀመጥ» አለች። እትዬ አራት ነጥብ አልገባችም። ታክሲው ገና አልሄደም ነበር።

ውድድሩ ያለ ሁለቱም አለፈ። አጥንቷ ገጠመ፤ ክህደቱ ግን አመሏን ለወጠው። አንድ ጊዜ የምታነበውን ገጽ ሦስት ጊዜ ማንበብ ጀመረች። የማትጠረጥረው ነገር ጠፋ። እኔ አርፍጄ ገብቼ «አውቶቡስ ዘገየብኝ» ስላት፣ ቀና ብላ «እውነት?» አለችኝ፤ የምሯን ነበር። ባሏም ቀልዱን ቀነሰ፤ ቀልድ ማለት እኮ ትንሽ ውሸት ነው። አንድ ቀን አስተማሪዋ ማተሚያ ቤቱ ድረስ መጥታ ደረጃው ሥር ስትጠብቅ፣ እትዬ አራት ነጥብ በመጠረዣው ክፍል በኩል በጓሮ በር ወጣች። «ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ» አለችኝ በነጋታው፣ ሳልጠይቃት።

መሮጥ ሲፈቀድላት ሰዓቱን መሳቢያ ውስጥ ቆለፈችበት። በነፃነት ብላ ወጣች፤ ግን ንዴት ያለበት ነፃነት ነበር። ደስ እያላት ይሁን እየተናደደች ሳታውቅ ብዙ ሮጠች፤ ቅልጥሟም እንደገና አመማት። ወደ ማገገሚያው ስትመለስ ባለሙያው ቆጣ አለ።

«ለምን አላሰሩትም?»

«ውሸታም ዕቃ እጄ ላይ አላስርም።»

«እሱ መቼ ዋሸዎት? የዋሸችዎት ሴትዮዋ ናት። እሱማ እውነቱን ጽፎ አስቀምጦልዎት ነበር።»

ይህ ነገር አናደዳት። ሳምንት ያህል ስታመነዥከው ቆይታ ግን ሰዓቱን አወጣችው። ስልኳ ላይ ያለውን የጓደኛ ዝርዝር አጠፋች። ወደ ወንዙ ዳር ተመለሰች፤ ርቀቱን ያሳስተው፣ ግድ የላትም። ሰኞ ሰዓቱን እጇ ላይ አስራ ትሮጣለች፤ ከእሱ የሚፈለገው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ ሠላሳ አምስት ደቂቃ ሲሞላ ተመለሽ እንዲላት። ቁጥሩን የምታየው ቤት ገብታ፣ ጫማዋን ካወለቀች በኋላ ነው። ረቡዕና ዓርብ እጇ ባዶ ነው። ሰነፍ የሚል ቃል ኅዳግ ላይ ዳግመኛ አላየሁም። ሲደክማት ትራመዳለች፤ ሲያሰኛት ቆማ ወንዙን ታያለች።

ባለፈው ዓመት ውድድሩን ገባች። እኔና ባሏ መጨረሻው መስመር ላይ ቆመን ጠበቅናት። ከአምስት ሰዓት በላይ ፈጅቶባት፣ ፊቷ ጨው ሆኖ መጣች። ውኃ ሰጠናት፣ ወንበር ላይ አስቀመጥናት። ሳቀች። ከዚያ ሳናስበው አለቀሰች።

«አመመሽ?» አላት ባሏ።

«አይ። ሠላሳኛው ኪሎ ሜትር ላይ አንድ ሽማግሌ በረንዳ ላይ ቆመው፣ አንገታቸው ላይ ፎጣ አድርገው፣ ‹ማን ነው የሚያባርራችሁ?› ብለው ጮኹብን። ድምፃቸው! ልነግራት ወደ ግራ ዞርኩ።» አፍንጫዋን ጠረገች። «እሷ ሁልጊዜ በግራዬ ነበር የምትሮጠው።»

በዚያ ሳምንት ከአስተማሪዋ መልእክት መጣ። «እንኳን ደስ አለሽ። ከሰው ሰማሁ። ኮራሁብሽ።» አሳየችኝ። ሥሩ እሷ የመለሰችው «አመሰግናለሁ» ብቻ ነበር።

«ይቅር አላልሻትም?» አልኳት።

«ይቅር ብያታለሁ» አለች። «ግን ነገ ደውዬ ‹እንዴት ነሽ?› ብላት ‹ደህና ነኝ› ትለኛለች። ምኑን ልመን?»

አሁን ዓርብ ዓርብ የመጠረዣው ክፍል ሁለት ሴቶች አብረዋት ይሮጣሉ። ጥሩ ሴቶች ናቸው፤ ስለ ልጆቻቸው፣ ስለ አለቃቸው፣ ስለ ቤት ኪራይ ያወራሉ። እሷ ትሰማለች፣ አንዳንዴም ትስቃለች። ስለ ራሷ ሲጠይቋት ግን የአየሩን ነገር ታነሣለች።