ስሙ የማይጠራው ቅባት

አስራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ሃያን ልደፍን ሦስት ወር ቀርቶኛል። ያን ጊዜ ከእንቅልፌ ስነቃ ዓይኔን ሳልገልጥ መጀመሪያ ፊቴን በጣቶቼ እዳብስ ነበር። ግንባሬን፣ ጉንጬን፣ አገጬን። ማታ ያልነበረ እብጠት ጣቴ ስር ከተገኘ ልቤ ድንግጥ ይላል፤ ቀኑ ሳይጀመር ያልቅብኛል።

ብጉር የጀመረኝ አስራ አራት ዓመቴ ላይ ነው። ሰው ሁሉ የኮረዳነት ነው፣ ይጠፋል አለኝ። አልጠፋም። እኔም አርፌ አልተቀመጥኩ፤ በጥፍሬ አፈርጠዋለሁ፣ ሎሚ ቆርጬ እቀባበታለሁ፣ ከነሎሚው ፀሐይ ላይ እወጣለሁ። የፈረጠው ሁሉ ጥቁር ነጥብ ትቶልኝ ይሄዳል። ጉንጮቼ ላይ ደግሞ ጎድጎድ ያሉ ጠባሳዎች ነበሩ፤ ጠዋት የጎን ብርሃን ሲመታቸው ይበልጥ ይጎላሉ።

እናቴ ከሞተች ወዲህ ያሳደገችኝ አክስቴ ናት፣ የእናቴ ታናሽ። ሀና ማርያም፣ ከቤተክርስቲያኑ ወረድ ብሎ፣ የሴቶች ፀጉር ቤት አላት፤ ሁለት የፀጉር ማድረቂያ ካስክ፣ ሦስት ወንበርና ግድግዳውን የሞላ መስታወት። አስረኛ ክፍል ስጨርስ እዚያው ፀጉር አጣቢ ሆንኩ። ብጉር ላለባት ልጅ ከመስታወት ቤት የባሰ የሥራ ቦታ አይገኝም። አንድ ቅዳሜ ጭንቅላቷን የማጥባት ደንበኛ ዓይኗን ወደ ላይ ገልጣ አየችኝና "አንቺ፣ ይሄ ፊትሽ ምስር ወጥ ተደፍቶበት ነው?" አለችኝ። ቤቱ ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፤ ምን ላድርግ፣ እጄ አረፋ ውስጥ ነው።

አክስቴ ግን አልሳቀችም። ያን ቀን ማታ አንድ ትንሽ ነጭ ብልቃጥ ሰጠችኝ።

ስለዚህ ብልቃጥ ማወቅ ያለባችሁ ነገር አለ። አክስቴን ሰፈሩ "እጅ አላት" ይላታል። ቅባቱን የምትሠራው ከፀጉር ቤቱ መጋረጃ ጀርባ ብቻዋን ሆና ነው፤ ውስጡ ምን እንዳለ የሚጠይቃት የለም። በእኛ ቤተሰብ መድኃኒት ስሙ ከተጠራ ይረክሳል፤ ከረከሰ አይሠራም። አያቴ አገር ቤት ሥር ቆፍራ፣ ቅጠል ቀጥቅጣ ለሰው ስትሰጥ የቅጠሉን ስም ለገዛ ልጆቿ እንኳ አልተናገረችም። አክስቴ አዲስ አበባ ስትገባ ሥሩና ቅጠሉ ቀረ፤ ከሱቅና ከፋርማሲ የሚገዛ የቅባት ቱቦ ተተካ። ደንቡ ግን እንዳለ ነው። እኔም አልጠየቅኩም። ማታ ማታ ተቀብቼ ተኛሁ።

በሁለት ሳምንት ውስጥ ፊቴ የተላጠ እንቁላል መሰለ። እውነቴን ነው። ብጉሩ ጠፋ፣ ጥቁሩ ነጥብ ሳሳ፣ መልኬ ራሱ ፈካ አለ። ያቺ የምስር ወጧ ሴትዮ አገጬን ይዛ ወደ ብርሃን አዞረችኝና ለሷም እንዲሠራላት ለመነች። ከዚያ በኋላ የመጣችው ሁሉ "የልጅቷን ቅባት" ማለት ጀመረች። አክስቴ እጄን ይዛ መሀል ቤት ታቆመኛለች፤ ሴቶቹ ፊቴን ያያሉ፤ ብልቃጡን ይዘው ይሄዳሉ።

በሦስተኛው ወር ማቃጠል ጀመረ።

መጀመሪያ ፀሐይ ላይ ስወጣ ብቻ ነበር። ቀጥሎ የፀጉር ማጠቢያው የሞቀ ውሃ እንፋሎት ፊቴን ሲነካው እንደ ሚጥሚጣ ለበለበኝ። ጉንጬ ላይ ቀያይ ክሮች የመሰሉ የደም ሥሮች ወጡ። ከጆሮዬ አጠገብ ያልነበረ ፀጉር በቀለ። አንድ ቀን ሳልቀባ ካደርኩ ጠዋት ግንባሬ በጥቃቅን ብጉር ተሞልቶ ይጠብቀኛል፤ ከቀባሁት ይጠፋል። ይሄኔ ነው የምር የፈራሁት። ድሮ የምፈራው ብጉሩን ነበር፤ አሁን ያለዚያ ብልቃጥ ፊት የሌለኝ መሰለኝ።

ለአክስቴ ነገርኳት። መድኃኒት መጀመሪያ ቆሻሻውን ያወጣል፣ ከዚያ ያጠፋዋል፤ የሚወጣው ሲወጣ ደንግጠሽ እንዳታቆሚ አለችኝ። ጨምሪበት አለች። ጨመርኩ።

ሲብስብኝ ጓደኛዬ ጋ ልሄድ ነው ብዬ ዋሽቼ የቆዳ ሐኪም ጋ ሄድኩ። ብልቃጡን በሶፍት ጠቅልዬ ቦርሳዬ ውስጥ ይዣለሁ። ግማሽ ቀን ተራ ጠበቅሁ፤ ያን ሁሉ ሰዓት የምጸልየው ሐኪሟ አይታኝ ምንም አይደለም እንድትል ነበር። በማጉያ መስታወት ረጅም ጊዜ አየችኝ። ምን እንደምቀባ ጠየቀችኝ፤ ብልቃጡን አወጣሁ። ከፈተች፣ አሸተተች።

"ምን ምን አለው?"

"አላውቅም።"

"ማነው የሠራው?"

"አክስቴ። አይጠየቅም።"

ሐኪሟ አልተቆጣችኝም፤ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ቆዳዬ እንደሳሳ፣ ውስጡ ፊት ላይ የማይቀባ፣ ስቴሮይድ የሚባል ኃይለኛ የቆዳ መድኃኒት እንዳለበት እንደምትጠረጥር ነገረችኝ። ከዛሬ ጀምሮ አቁሚ፣ ስታቆሚ ለሳምንታት ይብስብሻል አለች። ፊቴ ወደ ድሮው ይመለስ እንደሆነ ጠየቅኳት። አብዛኛው ይመለሳል፤ ግን ምን እንደነካው ካላወቅሁ በግምት ነው የማክምሽ፣ የተደባለቁበትን ቅባቶች ስም አምጪልኝ አለችኝ።

ማታ ለአክስቴ ነገርኳት። የያዘችውን ማበጠሪያ አስቀመጠች። ብልቃጡን ሐኪም ቤት ወስጄ አሳይቼባት እንደሆነ ደጋግማ ጠየቀችኝ፤ ከሕመሜ ይልቅ ይሄ የከበዳት መሰለኝ። ስሙን ንገሪኝ ብዬ ለመንኳት።

"ብነግርሽ ይረክሳል" አለች። "የዚህን ሁሉ ሰው መድኃኒት ነው የምታረክሺው።"

ያን ሰሞን በአንድ ቤት ሳንነጋገር ሰነበትን። ቅባቱን ትቻለሁ። በአራተኛው ቀን ፊቴ እንደ ተቀቀለ ቀላ፣ ከብጉሮቹ ውሃ ወጣ፣ ትራሱ ላይ ተጣበቀ። አክስቴ ባየችው ጊዜ ኩርፊያውን ረሳችው። ምች ነው አለች፤ ላብሽን ሳታደርቂ ፀሐይ መትቶሽ ነው። ከጓሮ ዳማከሴ ቀጥፋ በእጇ አሸችና ጭማቂውን ፊቴ ላይ ቀባችው። ከልቧ ነው ያደረገችው። ፊቴ ግን ቆዳ ያልነበረው ያህል ተቃጠለ። ጥርሴን ነክሼ ቻልኩት፤ እሷን ሁለተኛ ማስቀየም ፈርቼ።

በማግስቱ ጠዋት እንደልማዴ እጄን ወደ ፊቴ ሰደድኩ። የነካሁት የኔን አይመስልም፤ ወፍሯል፣ ይግላል። ዓይኔን ልግለጥ አልኩ፣ አልገለጥ አለኝ። ደግሜ ሞከርኩ። ዶሮ ሲጮህ ይሰማኛል፣ ጎረቤት በር ሲከፍት ይሰማኛል፤ ብርሃን ግን የለም። ታወርኩ አልኩ በልቤ። ግድግዳውን በእጄ ደጋግሜ መታሁት።

አክስቴ መጣች። ትንፋሿን ሰማሁ። አልጋዬ ጫፍ ተቀመጠችና እጄን ያዘች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ መቁጠር ጀመረች።

"ሦስት ቱቦ ነው" አለች። "አንዱ የችፌ ነው፣ ከፋርማሲ። አንዱ የፊት ማንጫ ነው፣ ከኮስሞቲክስ ቤት። ሦስተኛውን የምታመጣልኝ ነጋዴ ናት፣ ጽሑፉን ማንበብ አልችልም፣ ስሙን የማውቀው እሷ ስትጠራው ነው። በቫዝሊን ነው የማዋህደው። በቃ። ሌላ የለውም።"

የሦስቱንም ስም ጠራችልኝ። እንደሚናዘዝ ሰው፣ እየቆመች እየቆመች።

ባዶ ቱቦዎቹን በፌስታል ይዛ፣ እኔን እንደ ማየት የተሳነው ሰው በክንዴ እየመራች ሐኪሟ ጋ ወሰደችኝ። ታክሲ ውስጥ አንዲት እናት ልጇን ከኔ ወዲያ ስትስብ ተሰማኝ። ሐኪሟ ዓይኔ እንዳልተነካ፣ ያበጠው የዓይኔ ቆብ እንደሆነ፣ የተጎዳው ቆዳ ዳማከሴውን እንዳልቻለው ስትነግረን አክስቴ ወንበሩ ላይ ዘጭ ስትል ሰማኋት። ሐኪሟ ቱቦዎቹን አንድ በአንድ አነበበች፤ ያ ሦስተኛው ከሁሉ የበረታው ስቴሮይድ ነበር። ከዚያ አክስቴን "እርስዎም ይቀባሉ?" አለቻት። አክስቴ "ስድስት ዓመቴ" አለች።

ዓይኔ በሦስተኛው ቀን ተከፈተ። ፊቴ ግን ወራት ፈጀብኝ። የሚዋጥ መድኃኒት፣ ሽታ የሌለው ማለስለሻ፣ ደመና ቢሆንም የማልተወው የፀሐይ መከላከያ። ቁስሉ ሲደርቅ ደግሞ ለብጉሩ አንዲት የአተር ፍሬ የምታህል ጄል፣ አንድ ማታ እየዘለልኩ። ሎሚ የለም፣ ጥፍር የለም። ሐኪሟ ጥቁሩ ነጥብ ቀስ ብሎ እንደሚለቅ፣ ጎድጓዳው ግን ሙሉ በሙሉ እንደማይሞላ አስቀድማ ነግራኛለች። እንዳለችው ሆነ። ነጥቦቹ ወተት እንደሚጨመርበት ሻይ ቀስ እያሉ ገረጡ፤ ሁለት ጎድጓዶች በቀኝ ጉንጬ ቀሩ። ከመድኃኒት ጋር የሚመጣውን ወረቀት ከላይ እስከ ታች ሳላነብ ምንም ነገር ፊቴን የማላስነካው ከዚያ ወዲህ ነው። ዛሬም አንዳንድ ጠዋት ዓይኔን ለመግለጥ እፈራለሁ።

የአክስቴን ነገር ግን አልጨረስኩም። ከሐኪም ቤት በተመለስን በሳምንቱ ሰኞ ፀጉር ቤቱን ዘጋች። ፊቷ ቅባቱን በመተዋ ቀልቶ ነበር፤ በነጠላ አልሸፈነችውም። ዘንቢል አንጠልጥላ መጀመሪያ የሰፈሩን፣ ቀጥላ በታክሲ ፉሪ ድረስ ያሉትን ደንበኞቿን ቤት ለቤት ዞረች። ለእያንዳንዳቸው የሦስቱን ቱቦ ስም ነገረቻቸውና ብልቃጡን መልሱልኝ አለች። አንዷ ሰደበቻት። የምስር ወጧ ሴትዮ እኔን ምንም አላደረገኝም ብላ በሩን ዘጋችባት፤ አክስቴ ሐሙስ ተመልሳ ሄደችና ብልቃጡን ተቀበለቻት። አስራ አንድ ብልቃጥ አመጣች። ጓሮ ጉድጓድ ቆፍራ ቀበረቻቸው፤ ከዚያ እጇን ታጥባ ገባች።