ጫት ልነቅል ወደ ኮምቦልቻ የወረድኩ ጊዜ

ከባለቤቴ ከተሰማ ጋር መጨረሻ የሠራነው ሥራ ጋቢ መጭመቅ ነው። ጓሮ አጥበነው፣ እሱ አንዱን ጫፍ እኔ ሌላውን ይዘን ስንጠመዝዝ፣ ሁለታችንም ወደ አንድ ወገን እያዞርን ኖሮ ውሃው አልወጣ አለ። «አንቺ አጥብቀሽ ያዥ፣ እኔ ላዙር» አለኝ። ጨምቀን አሰጣነው። በማግስቱ ወደ ኮምቦልቻ ወረደ፤ በሳምንቱ ንዳድ ይዞት ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ያለውን አልጽፈውም።

ፋሲካ አልፎ፣ ለአርባው ተዝካር አሥራ ሁለት ቀን ሲቀር የነፍስ አባቴ ቤቴ መጡ። ተሰማ ከኮምቦልቻ በታች፣ ቦርከና ዳር፣ ሁሴን ለሚባል ሰው በእኩል ሰጥቶ የሚያሳርሰው የጫት ማሳ ነበረው።

«ጫት የእስላም ቅጠል ነው» አሉኝ። «እንቅልፍ ይነሳል፤ ሥራ ያስፈታል። ክርስቲያን አይቅመውም፣ አያበቅለውምም። ማሳው ሳይነቀል ተዝካሩን አልባርክም።»

ጸሎት ሳይደረስበት አርባው ቢያልፍ የባሌ ነፍስ ምን እንደምትሆን ሳስብ ፈራሁ። መጥረቢያ ስዬ ለጉዞ ተነሳሁ።

ቁልቁለቱ

ከጧቱ አንድ ሰዓት ላይ ደሴ ፒያሳ ገብስ የጫነ ካሚዮን አገኘሁ። ሾፌሩ ሦስት ሊሬ ብሎኝ በሁለት ተስማማን፤ ጆንያው ላይ ወጣሁ። ሐረጎን እስክናልፍ ጉሙ መንገዱን ሸፍኖት ነበር። መንገዱ አዲስ ነው፤ ጣልያን ገና ጠጠር እያስደፋበት ስለሆነ ሁለት ቦታ ቆመን ጠበቅን። ያም ሆኖ በበቅሎ ግማሽ ቀን የሚፈጀውን ቁልቁለት በሁለት ሰዓት ጨረስነው። ታች ሲደርሱ ግራሩ ይበዛል፤ ከል የተነከረው ቀሚሴ በሙቀቱ ከበደኝ።

ኬላው ላይ፣ አስካሪ ከሚሏቸው የጣልያን ወታደሮች አንዱ ዘንቢሌን ፈትሾ መጥረቢያውን አወጣ።

«እሜቴ፣ ማንን ሊፈልጡ ነው?»

«ጫት ልቆርጥ ነው።»

«ጫት በመጥረቢያ!» ጓደኛውን ጠራው። «ና ስማ፤ ታዲያ ጥርስ ለምን ተፈጠረ?»

ሳቁብኝ፤ መጥረቢያዬን ግን መለሱልኝ። ከዚያ ማሳው ድረስ በእግሬ ሄድኩ።

ቦርከና ዳር

ሁሴን ገበያ ሄዷል። ሚስቱ ዘይነባ ውሃ ልትቀዳ ወርዳለች። ሰው ፊት ልቤ እንዳይራራ ብዬ ሳልጠብቃቸው ጀመርኩ። አንዱን ከግንዱ ቆረጥኩ፣ ሌላውን ደገምኩ። ዘይነባ እንስራዋን አዝላ ስትደርስ ሰባተኛው ላይ ነበርኩ። ከእኔ ትንሽ ታንሳለች፤ ለቀብሩ መጥታ ስለነበር ታውቀኛለች። መጀመሪያ ደነገጠች፤ ቀጥላ የምጥለውን ግንድ አየችና ሳቋን በእጇ ሸፈነች።

«እትዬ፣ ምን እያደረጉ ነው?»

«እያጠፋሁት ነዋ።»

«አብሽሩ፣ አይዞዎት! ጫት እኮ ሲቆርጡት ይብሳል። ሁሴን ራሱ ሲያረጅበት እንዲህ ነው የሚያደርገው። በክረምት እጥፍ ሆኖ ይወጣል።»

የደጋ ሰው ነኝ፤ ባሕር ዛፍ ሲቆረጥ እንደሚያቆጠቁጥ አውቃለሁ፤ ስለ ጫት ግን አላውቅም ነበር። ስንት መንገድ መጥቼ፣ እጄ እስኪላጥ ላጠፋው የመጣሁትን ስገርዝ ውዬአለሁ። እዚያው ግንዱ ላይ ተቀመጥኩ።

ሁሴን ሲመለስ የመጣሁበትን ነገርኩት። ፊቱ ጠቆረ። የማሽላ ቂጣና እርጎ ቀረበልን፤ እሱ ግን አልበላም።

«ጠጅ ጠጥቶ የጎረቤቱን ራስ የሚፈነክት አለ» አለ። «ጠጁን ቄሶቹ ይባርኩለታል። ጫት ቅሞ ሰው የፈነከተ አይተው ያውቃሉ?»

«ለመፈንከትም እኮ መነሳት ያስፈልጋል» አለች ዘይነባ።

«አንቺ ዝም በይ። እኛ ሌሊት ለዱአ የምንነቃበት ነው፣ እሜቴ።»

«ቀኑንስ? አምና ማሽላውን ወፍ ሲጨርሰው አንተ የት ነበርክ?»

«ዱአ ላይ! ዝናቡ የመጣው በዚያ አይደለም?»

«ዝናቡ መጣ፤ ወፉም መጣ።»

ሁሴን ወደ እኔ ዞረ። «ጌታውም፣ አላህ ይማራቸው፣ አንዳንዴ አብረውን ይቅሙ ነበር።»

አሥራ ዘጠኝ ዓመት አብረን ስንኖር ይህን አልነገረኝም። ዘይነባ ባሏን በክርኗ ጎሰመችው። እኔ ግን መስማት ፈለግሁ።

«ሲቅም ምን ያወራ ነበር?»

«መጀመሪያ ዝም ይላሉ። ምርቃናው ሲመጣ ለእርስዎ ቤት መሥራት ይጀምራሉ፤ ቆርቆሮ ክዳን፣ ሰፊ በረንዳ። አንዳንድ ቀን ሦስት ቤት ይሠራሉ። ሲመሽ አንዱም ትዝ አይላቸውም፣ ወላሂ።»

ሳቅኩ። ከቀብሩ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነበር፤ ሳቁ ሳያልቅ አለቀስኩ። ማንም ዝም በይ አላለኝም።

ሁሴን ከብቶቹን ሊያስገባ ሲወጣ ዘይነባን «አንቺ ብትሆኚ ምን ታደርጊዋለሽ?» አልኳት። ማንም ጠይቋት እንደማያውቅ መሰለኝ።

«ሁሉን አይንቀሉብኝ፣ እትዬ። ልጆቼ የሚለብሱት ከእሱ ነው። ሁሉንም አይተዉብኝ ደግሞ፤ ባሌ ተቀምጦ ቀረ። የታችኛውን መደብ ለማሽላ ይስጡኝ። የሚቃመው ሲያንስ መቀመጡም ያንሳል።»

እዚያው ሁለት ሌሊት አደርኩ። የበልጉ ዝናብ መሬቱን አለስልሶት ስለነበር የታችኛውን መደብ በዶማ ከሥሩ ነቀልነው። ሁሴን ራሱም ቆፈረ፤ እያጉረመረመ። የላይኛውን ተውኩለት፤ ከእንግዲህ ከጫቱ ድርሻ እንደማልወስድም ነገርኩት።

ደሴ

ሽቅቡን በተከራየሁት በቅሎ ወጣሁ። ቤቴ እንደገባሁ፣ እግሬን ሳልታጠብ ወደ ነፍስ አባቴ ሄጄ የሆነውን ሁሉ ተናገርኩ።

«ግማሽ ንስሐ አለ እንዴ?» አሉኝ።

«አባቴ፣ ሌላው ግማሽ የሰው ጉሮሮ ነው» አልኳቸው።

በአርባው ቀን ይመጣሉ ብዬ አላሰብኩም ነበር። መጡ፤ ጸሎቱን ሳያጎድሉ አደረሱ፤ ማዕዱን ግን ሳይቀምሱ ወጡ። ሁሴንና ዘይነባም መጥተው ነበር፤ ለእስላሞቹ እንግዶች የታረደውን በግ ያረደው እሱ ነው።

ጫት ይከልከል ወይስ ይፈቀድ ብትሉኝ ዛሬም አላውቅም። የነፍስ አባቴ ያሉት ውሸት አይደለም፤ ሁሴን ያለውም። ነገር ግን ሁለቱም ሲናገሩ ዘይነባን አልጠየቋትም፤ እኔም መጥረቢያዬን ሳነሳ አልጠየቅኳትም ነበር።

ማሽላው በቅሏል። በዚህ ክረምት በየአሥራ አምስት ቀኑ ወደ ኮምቦልቻ እየወረድኩ ከዘይነባ ጋር አርማለሁ።