እህቴና ዝም የሚለው ሐኪም

ሐዘን ሲናገሩት ይቀላል ይባላል። አይቀልም። ይህን የምለው ከመጽሐፍ አንብቤ አይደለም፤ ታላቅ እህቴ ከዓመት በላይ በየሳምንቱ ስትናገር አጠገቧ ተቀምጬ ሰምቻለሁ።

ትንሿ ልጇ በትኩሳት ሞተችባት። ቤታቸው ከእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ዝቅ ብሎ፣ ባሕር ዛፉ መሐል ነበር። ለቀስተኛው እንደ ወጉ ሊያጫውታት መጣ። ስለ ዝናቡ፣ ስለ እህሉ፣ ስለ ሰው ጋብቻ ይወራል። ከንፈሯ መንቀጥቀጥ የጀመረ እንደሆነ ሁሉም ባንድ አፍ «አይዞሽ፣ በቃሽ፣ ሕፃን መልአክ ነው፣ አይለቀስለትም» ይላታል። እህቴም እሺ አለች። ከዚያ ወዲያ ማልቀሱንም መብላቱንም መናገሩንም ተወችው። ክረምቱ ሲወጣ ቀሚሷ ከላይዋ ሊወልቅ ደርሶ ነበር።

ያኔ አስተማሪ ነበርኩ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ፣ ቀበና ወንዝ አጠገብ ቤት ተከራይቶ በመነጋገር ብቻ የሚያክም የውጭ አገር ሐኪም እንዳለ ነገረኝ። ሐኪሙ አማርኛ ስለማያውቅ አስተርጓሚው እኔ ሆንኩ። በየሐሙሱ ቁልቁለቱን ይዘን እንወርዳለን።

ሐኪሙ ገርጣ ያለ ረጅም ሰው ነው። አንድ ነገር ይጠይቅና ዝም ይላል። እህቴም ዝም። እኔ የምተረጉመው አጥቼ ግድግዳውን አያለሁ። አንድ ቀን ወደ እኔ ዘንበል ብላ፣

«እኚህ ሰውዬ ማን ሞቶባቸው ነው?» አለችኝ።

«ማንም። ሥራቸው ነው።»

«ሂድ ወዲያ! ፊታቸውን አታይም?»

ከዚያ ታጫውተው ጀመር። የቄሱ በቅሎ ሰርግ ቤት ገብታ ድንኳን ማፍረሷን፣ የጎረቤታቸውን በሬ ገደል መግባት ሁሉ አወራችለት። «አይዞዎት በላቸው» ትለኛለች። ተረጎምኩ። ሐኪሙ አመሰገናት። ከሁለቱ ታማሚው የትኛው እንደሆነ መለየት አቃተኝ። ወራት እንዲህ አለፉ።

ባሏ የባሕር ዛፍ ነጋዴ ነው፤ ቅን ሰው፣ ትዕግሥቱ ግን አጭር።

«ዛሬስ ምን አላት?» ይለኛል።

«ምንም አላሉም። አዳመጧት።»

«ዝም ብሎ ማየትማ ላሜም ታያታለች፤ ያውም ወተት ትሰጣለች።»

«ጋሼ፣ ጊዜ ይፈልጋል ብለዋል። ሁለት ዓመትም ሊሆን ይችላል።»

«ሁለት ዓመት! ሌላ ትውለድና ይረሳታል። አንተስ ፊደል የቆጠርከው ወሬ ልታመላልስ ነው?»

ነገሩ እኔንም ሰልችቶኝ ነበር።

ከዕለታት አንድ ሐሙስ እህቴ ወሬ አለቀባት። ሐኪሙ እንደ ልማዱ ይጠብቃል። ማንንም ሳታይ፣

«ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ልጄ በትኩሳቱ ስታለቅስ ደክሞኝ ነበር» አለች። «ዝም በይ አልኳት። ዝም አለች።»

ተረጎምኩለት። «አይዞሽ» ልላት አፌን ስከፍት ሐኪሙ እጁን አንሥቶ ከለከለኝ። እስክንወጣ ድረስ አለቀሰች።

ተሻላት? ባሰባት። ቀን ከቀን ታለቅስ ጀመር። ባሏ «ይኸው! ዝምታዋ ይሻለን ነበር። ከእንግዲህ አትሄድም» ብሎ ቆረጠ። በሚቀጥለው ሐሙስ ስደርስ ነጠላዋን ለብሳለች፤ እሱ በሩ ላይ ቆሟል።

«እስቲ ንገሪኝ፣ እዚያ ምን አገኘሽ?»

«ምንም።»

«ታዲያ?»

«እዚህ ሁላችሁም በቃሽ ትሉኛላችሁ። አልበቃኝም።»

ጥቂት አያትና ከበሩ ዞር አለ።

ሐኪሙ ወደ አገሩ እስኪመለስ ድረስ ወረድን። መብላት ጀመረች፤ እንደ ቀድሞው ስትስቅ ግን ዳግመኛ አላየኋትም። ያ ሁሉ መውረድና መውጣት ይረባ ነበር ወይ የሚለኝ ሰው አለ። ለመዳን ከሆነ አልረባም። ግን ያቺን ነገር ይዛ ብቻዋን ከመቀበር ድናለች፤ ይህ በኔ ሚዛን ትንሽ አይደለም። የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው፤ ዘመድ፣ ጎረቤት፣ ዕድርተኛ ሞልቶ ሳለ፣ የሚሰማት ሰው ባሕር ተሻግሮ መምጣት ነበረበት።

አንተም ልጅ የሞተባት ሴት ቤት ስትገባ፣ ተቀመጥና አፍህን ዝጋ። ተናግራ እስክትጨርስ አትነሣ።