ያልገጠምኩት ማጥፊያ

«ጎማው ጭቃ ላይ መሽከርከር ሲጀምር ሞተሩ ይታፈናል፤ እናቴ ታመው ከኋላ ተኝተዋል!»

ባለፈው ሳምንት አንድ ጠዋት ደንበኛዬ ጀማል ከጮሌ መንገድ ደውሎ ያለኝ ነው።

ሞተሩማ የታዘዘውን እየፈጸመ ነበር። ጎማ በባዶ ሲሽከረከር ጉልበት የሚቀንስ ኮምፒውተር መኪናው ላይ የገጠምኩለት እኔ ነኝ። የሞከርኩት ግን ኢተያ አስፋልት ላይ ነው። ከጭቃ ደግሞ ጎማው ሳይሽከረከር አይወጣም።

ኮምፒውተሩን ማጥፋት የሚቻለው በላፕቶፕ ብቻ ነው፤ ላፕቶፑ ደግሞ አሰላ፣ እኔ ጋ ነበር።

ስገጥምለት «ማጥፊያ ቁልፍ አድርግልኝ» ብሎኝ ነበር። «ከኮምፒውተር በላይ ልታውቅ ነው?» ብዬ ሳቅኩበት።

መኪናው በበሬ ተጎትቶ ወጣ። ሐኪም ቤት ሲደርሱ እናቱ አርፈው ነበር።

የመኪናውን ባለቤት ቃል ንቃችሁ ያስረከባችሁ ባለሙያዎች፣ እናንተስ ምን ገጠማችሁ?

እኔንማ ጀማል ቀብር ላይ አቀፈኝ።