ከላይኛዋ ብረት ያልደረሰ ክር

ባሩድ ብለው የሰየሟት የሠፈሩ ልብስ ሰፊዎች ናቸው። ሴት መካኒክ አይቼ አላውቅም ብሎ ሊያላግጥባት የመጣ አንድ የቆዳ ነጋዴ ሁለት የፊት ጥርሱን በመሀረብ ቋጥሮ ከሄደ ወዲህ እናቷ ባወጣችላት ስም የጠራት ሰው የለም። እሷ የስፌት መኪና ትጠግናለች፤ እኔ እዚያው ክፍል ውስጥ ቁልፍ እተክላለሁ፣ ጠርዝ እዘመዝማለሁ። ከምላሷ እጇ ይቀድማል። አመለኛ መኪና እንኳ ባሩድን ሲያይ ይታረማል እያሉ ይቀልዱ ነበር። እኔን ቀልዱ ብዙም አያስቀኝም፤ ወንበሬን የማስቀምጠው ከእጇ ራቅ አድርጌ ነው።

በሥራዋ ግን የሚደርስባት የለም። ክሩ የሚበጠስበት ሰው መርፌውን ገልብጦ እንደሰካው ገና ሲያወራ ታውቃለች። ስፌቱ የሚዘልል ከሆነ መርፌው ጎብጧል። አብዛኛው ሰው ይዞባት የሚመጣው ችግር ግን አንድ ነው፦ ክሩ ከጨርቁ ሥር ይተበተባል። ሰው ሁሉ የታችኛውን ክር ይወቅሳል፤ ይፈታዋል፣ ይቀይረዋል፣ ይረግመዋል። ባሩድ ትጮህባቸዋለች፤ ጥፋቱ ከላይ ነው፣ ምን ታች ታች ያሳያችኋል ትላለች። ጨርቁን የሚጫነውን እግር ሳያነሡ ክር ከሰኩ ክሩ ከማጥበቂያው መሀል አይገባም። ወይም ደግሞ ከላይ ሆና ከመርፌው ጋር ከፍ ዝቅ የምትለዋን ባለ ቀዳዳ ብረት ዘለዋታል። ያኔ ክሩን ወደ ላይ የሚስበው ይጠፋና ልቅ ሆኖ ሥር ይከማቻል።

ይህን ሁሉ ለታናሽ እህቷ ለሚጡ ያስተማረቻት በጥፊ ነው። እናታቸው ስትሞት ሚጡን ያሳደገቻት እሷ ናት፤ አብልታ፣ አልብሳ፣ ቀጥቅጣ። ሚጡ እግሩን ሳታነሣ ክር ከሰካች ማጅራቷን ትላታለች፤ የላይኛዋን ብረት ከዘለለች ጉንጯን። አንድ ቀን ተይ ልጅቷን ብላት የያዘችውን ካቻቢቴ ወደ እኔ ወረወረችው። በመጨረሻ ሚጡ ዓይኗን ጨፍና ክር መስካት ቻለች። ባሩድ ይህን ለመጣ ለሄደው ሁሉ እየነገረች ትኩራራ ነበር። ሚጡ ግን አንድ በያጅ ለትዳር ሲጠይቃት ንግግሩን ሳይጨርስ እሺ አለች። ያገኘችውን የመጀመሪያ በር ከፍታ ወጣች፤ በሩ ወዴት እንደሚያስገባ የጠየቀ አልነበረም፤ እኔም አልጠየቅኩም።

ባሩድ ለትዳሯ ጥሩ መኪና ሰጠቻት። ብዙም ሳይቆይ በያጁ ያንኑ መኪና ተሸክሞ መጣና ጠረጴዛው ላይ ወረወረው። ሚስቱ የደንበኛ ጨርቅ አበላሽታ በሰው ፊት እንዳዋረደችው ነገረን። ባሩድ ከፍታ አየችው፤ ክሩ የላይኛዋን ብረት ዘሏታል። ደሟ ፈላ። መጥቼ ጆሮዋን እጠመዝዝላታለሁ በላት አለችው። በያጁ ሳቀ።

«አትድከሚ፤ እኔው በደንብ አድርጌ ነግሬያታለሁ» አለ፣ ጡጫውን በመዳፉ እያሻሸ።

ባሩድም አብራው ሳቀች። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው።

መኪናው ደግሞ መጣ፤ ጥፋቱ ያው። ነገር በሦስተኛው ይጸናል እንዲሉ፣ ሦስተኛ ሲመጣ ግን ባሩድ አልተሳደበችም። በያጁ አስቀምጦት እንደወጣ ቁጭ ብላ መኪናውን አየችው። ክሩ ዝቅ ባለው ቦታ ሁሉ በትክክል ገብቷል። መርፌው በወጉ ተሰክቷል፣ በዓይኑም ክሩ በትክክለኛው ወገን አልፏል። የተዘለለው ከፍ ያለው ብቻ ነው።

«ሚጡ ይህን አትሳሳትም» አለች።

ከዚያ ሁለት ክርኖቿን ከጎኗ አጣብቃ እንደዚያው እንዳለች ክር ለመስካት ሞከረች። ጣቶቿ መርፌው ጋ ደረሱ። ክርኗን ከጎኗ ሳታላቅቅ ላይኛዋ ብረት ጋ መድረስ ግን አልቻለችም። ደግማ ሞከረች።

«እጇ ወደ ላይ አይነሣም ማለት ነው። ምን አድርጓት ነው?» አለችኝ።

የምንመልስ መስለን መኪናውን ይዘን ሄድን። ቤታቸው ከብየዳው ቤት ጀርባ ያለ አንድ ክፍል ነው። ጎረቤቱ ሁሉ የሚጡን ጩኸት ሲሰማ እግርና እግርም ይጋጫል እያለ ያልፍ እንደነበር በኋላ ሰማሁ። ይህን ተረት የተረተው ሰው ጎኑ ተሰብሮ አያውቅም።

ሚጡ አልጋው ጫፍ ላይ እንደ አሮጊት ጎብጣ ተቀምጣለች። ባሩድ መኪናውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና እጅሽን አንሺ አለቻት። ሚጡ ማንም ሳይጠይቃት ወድቄ ነው አለች። ልብሷን ገለጥ አድርገን አየን። ከብብቷ እስከ ወገቧ ግራና ቀኝ ጠቁሯል፤ የተመታችበት የብረት ዘንግ ቅርጹ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

በያጁ ድምፅ ሰምቶ ገባ። በባልና ሚስት መሀል ምን ጥልቅ አደረገሽ ብሎ ባሩድን ገፈተራት። እሷ ከሽርጧ ኪስ መዶሻ አውጥታ የእጁን አንጓ መታችው፤ ሲሰበር ተሰማኝ። በደኅናው እጁ ከግድግዳ የተደገፈ ብረት አንሥቶ ግንባሯን ፈነከታት። ደሙ ዓይኗ ውስጥ እየገባ እግሩን ጠልፋ ጣለችው፤ ደረቱ ላይ ወጥታ አፉን ነረተችው። ጥርሱን ከደም ጋር ተፋ። አልዋሽም፣ ደስ አለኝ። ከዚያ መዶሻውን በአናቱ ትክክል ወደ ላይ አነሣች። ልትገድለው ነው። ክንዷ ላይ ብንጠለጠል እንደ አቧራ አራገፈችኝ።

ያስቆመቻት ሚጡ ናት። ሚጡ መሬት የወደቀውን ባሏን አላየችም፤ ያየችው የተነሣውን እጅ ነው። ከአልጋው ተንሸራታ ጥግ ገባች። ፊቷን በእጆቿ ልትከልል ሞከረች፤ እጆቿ እምቢ ሲሏት ጉልበቶቿ መሀል ቀበረችው።

«እትዬ፣ በእናታችን ይሁንብሽ፣ ሁለተኛ ብረቷን አልዘላትም» አለች።

የባሩድ እጅ አየር ላይ ቀረ። በያጁ ከሥሯ ተንፏቆ ወጣና የተሰበረ እጁን ታቅፎ ወደ ውጭ ሮጠ፤ ማናችንም አልተከተልነውም። ባሩድ ወደ እህቷ አንድ እርምጃ ስትራመድ ሚጡ ይበልጥ ተኮማተረች። ባሩድ እዚያው ቆመች።

«ሚጡዬ፣ ተነሺ፤ ወደ ቤት እንሂድ።»

«ልትመቺኝ ከሆነ እዚሁ ተይኝ» አለች ሚጡ፣ ቀና ሳትል። «የእሱን ለምጄዋለሁ።»

ባሩድ መዶሻውን ጣለችው። ምን እንደምታደርግ ያላወቀች ሰው ሆና ዞር ዞር አለችና፣ ጠረጴዛው ላይ ያለውን መኪና አቅፋ አነሣችው። ደሟ ብረቱ ላይ ይንጠባጠባል። ተፈንክተሻል፣ ከባድ ነው፣ እኔ ልያዝልሽ ብዬ ተጠጋሁ።

«ተይው፤ እጄ ይያዝ» አለችኝ።

ሚጡ ቀና ብላ የእህቷን እጆች አየች። መኪናውን እንዳቀፉ መቆየታቸውን ካየች በኋላ ግድግዳውን ይዛ ተነሣች።