የሙሽራዋ መኪና ነጫጭ ሳጥኖች

ሰቆጣ የተመደብኩት ኮምፒውተር ለማስተማር ነው። ስለ መኪና የማውቀው ከኋላ የተቀመጠ ሰው ብዙ እንደሚንገጫገጭ ብቻ ነበር። የሞተር ሥራ ውስጥ ያስገቡኝ አከራዬ ናቸው። ጋሼ አንዲት አሮጌ የቤንዚን ፒክአፕ አለቻቸው፤ የሞተሯ ኮምፒውተር ከተቃጠለ ወዲህ ግን ግቢው ውስጥ ቆማ ዶሮ ይሰፍርባት ነበር። ምትክ ዕቃ ባሕር ዳርም አዲስ አበባም ተፈልጎ ጠፋ።

ያሳደጉት የእህታቸው ልጅ ከጋዝጊብላ ሚስት ሲያጭ፣ ጋሼ በሽማግሌዎቹ ፊት ሙሽራዋን በገዛ መኪናቸው፣ ራሳቸው ነድተው እንደሚያመጧት ቃል ሰጡ። ዘመዶቻቸው እንከራይ ቢሏቸው አሻፈረኝ አሉ። ልጁን ያሳደጉት በዚያች መኪና ጭነት እያመላለሱ ነው፤ በሠርጉ ቀን እሷን የዶሮ ማደሪያ አድርጎ በሰው መኪና መሄድ አልሆነላቸውም።

«ኮምፒውተር አይደል የምታስተምረው? ይኸም ኮምፒውተር ነው» አሉኝ።

ሳላስበው እሺ አልኩ። የአዲሱን ኮምፒውተር የኤሌክትሪክ ሰሌዳ ከቴክኒክ ኮሌጁ የኤሌክትሮኒክስ አስተማሪ ጋር በየድን፤ ሞተሩን የሚያዘውን ፕሮግራም እኔ ጻፍኩ። ሞተሩ መጀመሪያ የተነሳ ቀን ዶሮዎቹ አጥር ዘለው ጎረቤት ገቡ።

ማስነሳቱ ግን ቀላሉ ነው። ከባዱ የነዳጁ ሰንጠረዥ ነው። የማባዣ ሰንጠረዥ አስቡ። በአግድም የሞተሩ ፍጥነት፣ በቁም የተጫነበት ሸክም ይቀመጣል፤ ሁለቱ የሚገናኙበት ሳጥን ውስጥ ያለው ቁጥር በዚያች ቅጽበት ምን ያህል ቤንዚን እንደሚረጭ ለኮምፒውተሩ ይነግረዋል። ሲያንስ ሞተሩ ያስላል፣ ሲበዛ ጥቁር ጭስ ይተፋል። ጭስ ማውጫው ላይ የገጠምናት መለኪያ ቤንዚኑ ሲያንስ «ቀጠነ»፣ ሲበዛ «ወፈረ» ትለኛለች፤ እኔም ላፕቶፔን ጭኔ ላይ አድርጌ ቁጥሩን አርማለሁ። የታረመ ሳጥን አረንጓዴ ይሆናል፤ ያልተነካው ነጭ ሆኖ ይቀራል።

ይህን ሁሉ ለጋሼ ሳስረዳ በጥሞና ሰሙኝና ሽሮ መሥራት ነው ማለት ነው አሉ። ትክክል ነበሩ። ልዩነቱ ይህ ሽሮ በየሰከንዱ ድስት መቀየሩ ነው።

የጋዝጊብላን መንገድ እየተመላለስን ወጣን፣ ወረድን። ወደ ደጋው ስንወጣ አየሩ ስለሚሳሳ ቤንዚኑን እቀንሳለሁ፤ ስንመለስ እጨምራለሁ። ሰንጠረዡ እንደ ክረምት ማሳ እየለመለመ ሄደ። አንድ ጥግ ላይ ብቻ ነጫጭ ሳጥኖች ቀሩ፦ በጣም ቀርፋፋ ፍጥነት፣ በጣም ከባድ ሸክም። መኪናዋን ሞልተው ዳገቱን በሰው እርምጃ የሚወጡበት ጊዜ ይኖር እንደሆነ ጋሼን ጠየቅኋቸው።

«ምን በወጣኝ» አሉ።

እኔም ቁጥሩን በግምት ሞልቼ፣ ነጭ እንደሆኑ ተውኳቸው።

የሠርጉ ዕለት መኪናዋ እስከ ሙሽራዋ ቤት ያለ አንድ ሳል ሄደች። ቤቱ ከዋናው መንገድ ዝቅ ብሎ ያለ ስለሆነ በቀላሉ ወረድን። ተበላ፣ ተጠጣ፤ ሙሽሮቹና አንድ ሚዜ ከኋላ ወንበር፣ እኔ ከነላፕቶፔ ከጋሼ ጎን ተቀመጥን። የጭነት ቦታው ላይ የወንዱ ወገን ጢም ብሎ እየረገጠ ይጨፍራል። ከፊት ደግሞ የሴቷ ወገን እናቶች ከበሯቸውን ይዘው መንገዱን ሞሉት።

ያኔ ነው የገባኝ። የወንዱ ወገን ሙሽራዋን ይዞ ለመውጣት ይቸኩላል፤ የሴቷ ወገን ልጅቷን ቶሎ አይለቅም፤ ከመኪናው ፊት እየጨፈረ አንድ እርምጃ ሄዶ ግማሹን ይመለሳል። ጥሩምባ መንፋት ነውር ነው። መኪናዋ ሞልታ፣ ዳገቱን፣ በሰው እርምጃ። ስክሪኑን ሳይ ሞተሩ ነጮቹ ሳጥኖች መሃል ቁጭ ብሏል። አሳለና ጠፋ። ጋሼ አስነሱት፤ ጥቂት ሄዶ ደግሞ ጠፋ።

ዘፈኑን የምትመራው የሙሽራዋ አክስት በአገሩ ቋንቋ በኽምጣኛ አንድ ነገር ጣል አደረገች። ሴቶቹ በሳቅ ፈረሱ። ሚዜውን ምን አለች ብዬ ስጠይቀው፣

«መኪናችሁ ቤታችንን ወዳዋለች፣ ገለባ አምጡላት እያለች ነው» አለኝ።

ጋሼ አልሳቁም። ሚዜው ወርደን እንግፋ አለ፤ ጭነት ቦታው ላይ ያሉት የእኛዎቹ ደግሞ፣ ሴቶቹ መንገድ ይልቀቁና በፍጥነት እንውጣ ይላሉ።

«ተገፍታ ከወጣችማ ቃሌን በላሁ» አሉ ጋሼ፣ መሪውን እንደያዙ።

በፍጥነት ብንወጣ ሞተሩ አይጠፋም ነበር። ግን ሰቆጣ ስንደርስ ጋሼ ደጃፍ ላይ የሚጠብቀን ሌላ ጭፈራ ነው፤ እዚያ ደግሞ አገር እያየ ይጠፋል። መታረም ያለበት እዚሁ ነው፤ ለማረም ደግሞ ሞተሩ እነዚያው ሳጥኖች ውስጥ መቆየት አለበት። ወርጄ ወደ አክስትየዋ ሄድኩ።

«እትዬ፣ እባክዎ መንገዱን አይልቀቁ። እንዲያውም ከእስካሁኑ ቀስ ይበሉልኝ።»

ከእግር እስከ ራስ አየችኝ።

«ስንት ሙሽራ ሸኝቻለሁ። ጭፈራው ይርዘም የሚል የወንድ ወገን ዛሬ ገና አየሁ።»

ለሴቶቹ በኽምጣኛ ነገረቻቸው። ከበሮው ረገብ አለ፤ ከላያችን ያሉት የእኛዎቹ አጉረመረሙ። ጋሼ ፍሪሲዮኑን በግማሽ ይዘው መኪናዋን አስጀመሩ። መለኪያዋ ቀጠነ አለች፤ ጨመርኩ። ሞተሩ አሳለ፤ ደግሜ ጨመርኩ፤ ሳሉ ቆመ። አንዱ ሳጥን አረንጓዴ ሆነ፤ ወደሚቀጥለው ተሻገርን።

ሙሽራዋ ከኋላዬ ጎንበስ ብላ ስክሪኑን አየች።

«ስንት ቀረ?»

«ትንሽ ነው።»

«አይቸኩሉ» አለችኝ። ሙሽራው ዞር ብሎ አያት።

ዋናው መንገድ ጫፍ ስንደርስ ሞተሩ እንደ ወፍጮ አንድ ድምፅ ይዞ ነበር። አክስትየዋ መስኮቱን በመዳፏ መታ መታ አደረገችና፣ «ገለባው ይቅር» ብላ አሳለፈችን።

ሰቆጣም እንደጠበቅሁት ሆነ። ሰፈሩ በሙሉ ወጥቶ ከፊታችን ሲጨፍር፣ ጋሼ መኪናዋን ከሚያስፈልገውም በላይ ቀስ አድርገው ነዷት፤ አንዴም አላሳለች። ሙሽሮቹ ወርደው ዳስ ገቡ፤ ጭፈራውም ተከትሏቸው ገባ። አሁን ሞተሩን ማጥፋት እንደሚችሉ ነገርኳቸው።

«ትንሽ ትቆይ» አሉና መስኮቱን ዝቅ አድርገው የሞተሩን ድምፅ ማዳመጥ ያዙ።