ዝቅ ያለው ዜማ

ሰፈሩ «ጋሽ ክላርኔት» ይላቸዋል። ጡረታ የወጡ የባንድ ሙዚቀኛ ናቸው፤ ጨዋታ አዋቂ፣ ግን ደግሞ ኩራት እራታቸው። ሰው ሠራሽ ጥርስ ካስገቡ ወዲህ ታዲያ የክላርኔቱ ላይኛው ድምፅ አልወጣ አላቸው። ሲነፉት ያፏጫል። ከቫዮሊን ተጫዋቹ ጓደኛቸው ጋር የሚያደርጉትን የቅዳሜ ልምምድ «ወገቤን አመመኝ» ብለው ተዉት።

ምራታቸው አብራቸው ነው የምትኖረው። ማተሚያ ቤት ገጽ ታቀናብራለች እንጂ ኖታ አታነብም። የወገቡ ነገር ግን ሰበብ መሆኑ አልጠፋትም። አንድ ቀን ሁለቱ የሚጫወቱትን ዜማ ኖታ ስካን አደረገችና ኖታ በሚያርም ፕሮግራም ከፈተችው።

«አባባ፣ ይሄ ነገር ዜማውን ዝቅ አድርጎ ይጽፈዋል አሉ። ለአፍዎ እንዲመች።»

«እኔን ነው ዝቅ የሚያደርገው በይ እንጂ!» ብለው ተነሡ።

በሩ ጋ ሳይደርሱ ኮምፒውተሩ ዜማውን መጫወት ጀመረ። መሃል ላይ አንድ ባዕድ ድምፅ «ጢው» ሲል ቀጥ አሉ።

«ይሄ ደግሞ ከየት የመጣ ነው?»

ስክሪኑን አሳየቻቸው። ትንፋሽ የሚወስዱበትን ቦታ እንዳይረሱ በእርሳስ ያኖሩትን ነጥብ፣ ማሽኑ ኖታ ነው ብሎ አንብቦታል።

«አጥፊው! እኔ ልተነፍስ ብዬ በተውኩት ቦታ እሱ ይነፋበታል?»

ምራቲቱ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት፤ እሳቸውም ወንበር ሳቡ። ከዚያ እሳቸው ስሕተቱን በጣታቸው እያሳዩ፣ እሷ እያረመች ከሰዓቱ ሄደ። የወረቀቱ ጠርዝ ተቀዶ የጎደለውንም ዜማ እያንጎራጎሩ ሞሉላት። ሁሉም ሲያበቃ፣ ዜማውን የምታወርደዋን ትእዛዝ ቀስ ብላ ተጫነች። አይተው እንዳላዩ ሆኑ።

ቅዳሜ ዕለት የታተመውን ይዘው ወደ ጓደኛቸው ሄዱ። ቫዮሊን ተጫዋቹ መነጽራቸውን አድርገው ወረቀቱን አገላበጡት።

«ዝቅ ብሏልሳ!»

«እንግዲህ... ጥርሴ...»

«እሰይ፣ ተገላገልኩ! ይቺ ትንሿ ጣቴ እኮ ላይኛው ላይ እምቢ ካለችኝ ከረመች። አፍሬህ ነው ዝም ያልኩት።»

እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ሲጫወቱ ሁለት ጊዜ ተሳሳቱ፤ ግን ማንም አላፏጨም።

ጋሽ ክላርኔት የጓደኛቸውን ኖታ ሁሉ በብብታቸው ሸጉጠው ተመለሱ። ቀጥ ብለው ስካነሩ ፊት ቆሙና፣ «ልጄ፣» አሉ፣ «ይሄ ክዳን በየት በኩል ነው የሚከፈተው?»